ሳይቆለፍ የተሰጠ ካሜራ

ሎስ አንጀለስ ውስጥ፣ የሐበሻ ሰፈር በሆነው ፌርፋክስ ላይ፣ ከኦሎምፒክ እስከ ፒኮ ባለችው አጭር መንገድ «ዘቢደር የት ናት?» ብሎ የጠየቀ ሰው «የትኛዋ ዘቢደር?» ተብሎ አያውቅም። ካሜራዋ ዘቢደር አንድ ናት። ሰርግም ይሁን ክርስትና፣ የልጅ ምረቃም ይሁን፣ አስራ አራት ዓመት ሙሉ የሰፈሩን ደስታ የቀረጸችው እሷ ናት። አብረዋት ከመጡት ሴቶች ብዙዎቹ አረጋውያን ሲጦሩ፣ ልብስ ሲሸጡ፣ ታክሲ ሲነዱ ኖረዋል። ዘቢደር ግን የኖረችው ብሎን ስታጠብቅ ነው።

ይህ ለጨዋታ የተባለ አይደለም። አዲስ አበባ ተግባረ ዕድ ማሽን ሾፕ ተምራ፣ ዲቪ ደርሷት በሃያ ሰባት ዓመቷ ሎስ አንጀለስ ስትገባ መጀመሪያ ያገኘችው ሥራ ፓርኪንግ በር ላይ ትኬት መስጠት ነበር። በሁለተኛው ዓመት አንድ ደንበኛ ካልቨር ሲቲ ውስጥ የፊልም ዕቃ የሚያከራይ ድርጅት ሠራተኛ እንደሚፈልግ ነገራትና ገባች። ያቆሟት ተከራይቶ የተመለሰ ዕቃ የሚፈተሽበት ጠረጴዛ ጋ ነው። ዘጠኝ ዓመት እዚያ ቆመች። የተጣመመ እግር፣ የላላ ማጠፊያ፣ የተበላ የብሎን ጥርስ በጣቷ እየዳሰሰች ለየች። አለቃዋ «የዚች ሴትዮ ጣት ከማሽን ይበልጣል» ይል ነበር። እሷም ከዚያ ጠረጴዛ አንድ ነገር ይዛ ወጣች፦ ካሜራን ውኃ አይገድለውም፤ አቧራም አይገድለውም። ካሜራን የሚገድለው በደንብ ያልተቆለፈ ፕሌት ነው።

ፕሌት ማለት ከካሜራው ሆድ ሥር በብሎን የሚታሰር፣ የክብሪት ቀፎ የምታህል የአሉሚኒየም ቁራጭ ናት። ግራና ቀኝ ጎኗ ሰያፍ ሆኖ ተሞርዷል። በትራይፖዱ፣ በባለ ሦስት እግሩ መቆሚያ፣ አናት ላይ ደግሞ መንጋጋ አለ። ፕሌቷን ወደ መንጋጋው አንሸራትተህ ታስገባና መቆለፊያዋን ታዞራለህ፤ መንጋጋው ይነክሳል። ስትመልሳት ይለቃል። ሌላ ምሥጢር የለውም። ለሰው ሁሉ የማትታየው ይህች ቁራጭ ናት እንግዲህ ያን ሁሉ ውድ ዕቃ የምትሸከመው።

ዘቢደር የራሷን ሥራ ስትጀምር ችግር የሆነባት ትራይፖዱና ጊምባሉ በፕሌት አለመስማማታቸው ነበር። ጊምባል፣ ያዡ እየተራመደ እንኳ ካሜራውን በሞተር እያመጣጠነ የሚያንሳፍፍ እጀታ ነው። ትራይፖዱ የራሱ ፕሌት አለው፤ ጊምባሉ የራሱ። ካሜራውን ከአንዱ ወደ ሌላው ለማዛወር በሳንቲም ብሎን መፍታት፣ ፕሌት መቀየር፣ እንደገና ማሰር ነው። አርባ ሰኮንድ። የኛ ሰርግ ደግሞ አርባ ሰኮንድ አይጠብቅም። አንዴ ኢንግልውድ ውስጥ፣ እሷ አጎንብሳ ብሎን ስትፈታ ሙሽራዋ የአያቷን ጉልበት ስማ ተነሳች። «እባክሽ ድገሚልኝ» ብትላት አያትየው «ጉልበት ሁለቴ ይሳማል እንዴ? ቲያትር መሰላችሁ?» አሉ። ዘቢደር ያን ቀን አፈረች።

በማግስቱ መንጋጋውን ሁሉ አንድ ዓይነት አደረገችው። አንድ ፕሌት፣ ለትራይፖዱም ለጊምባሉም። አሁን ከአንዱ አውጥቶ ሌላው ላይ ማስገባት ሦስት ሰኮንድ ነው። አንድ ነገር ብቻ አስቸገራት። ፕሌቷ ከታች፣ ጫፍና ጫፏ ላይ፣ መንጋጋው ቢላላ እንኳ ተንሸራትታ እንዳትወጣ የሚያግዱ ሁለት ደቃቅ ብሎኖች አሏት። የጊምባሉ መንጋጋ ጠባብ ስለሆነ እነዚያ ብሎኖች እየያዙ አላስገባም አሉ። ነቀለቻቸው። ከፍጥነትና ከማገጃው አንዱን መምረጥ ነበረባት፤ ፍጥነቱን መረጠች። በማገጃው ፋንታ ሕግ አወጣች።

ሕጉ አራት ቃል ነው፦ አስገባ፣ ቆልፍ፣ ጎትት፣ ተናገር። የሚያስገባው ሰው መቆለፊያዋን ካዞረ በኋላ ካሜራውን ወደ ፊት ወደ ኋላ ይጎትታል። ካልነቃነቀ «ገብቷል» ይላል፤ በአፉ፣ በድምፅ። የሚቀበለው ሰው «ገብቷል» ሳይሰማ እጁን አይዘረጋም።

የሚቀበለው ሰው አምሃ ነበር።

አምሃ ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው። አገር ቤት ድቁና የነበረው፣ በስደት የመጣ፣ ሚራክል ማይል ሰፈር ካሉት የቢሮ ሕንፃዎች ባንዱ፣ ምድር ቤት ባለው የመኪና ማቆሚያ ጋራዥ መኪና ሲያቆም የኖረ ሰው። ዘቢደር ያገኘችው አንድ ክርስትና ላይ ነው፤ በሰው መሃል መስተንግዶ ሲያመላልስ፣ ትሪ ሙሉ ብርጭቆ ይዞ ውኃው ሳይነቃነቅ ሲሄድ አየችው። «አንተ፣ ወገብህን የት ነው የተማርከው?» አለችው። «ቅዳሴ ላይ፣ እትዬ። ጥላ ይዞ መቆም ቀላል መሰለሽ?» አላት። ያን ዕለት ጊምባሉን አስያዘችው። ስምንት ዓመት አብረው ሠሩ። እሷ ካሜራውን ታዘጋጃለች፣ ታስገባለች፤ እሱ ይቀበላል፣ ይንሳፈፋል። የሰፈሩ ሰው «እንደ ጀልባ የሚሄደው ቪዲዮ» እያለ የሚያደንቀው የአምሃ እግር ነበር፤ ስሙ ግን የዘቢደር። አምሃ ቅር ብሎት አያውቅም።

ባለፈው ጥር «ጋራዡን ተወው» አለችው። «ሥራው ለሁለታችንም ይበቃል። እኔ ነኝ የምልህ።»

«እርግጠኛ ነሽ፣ እትዬ ዘቢ? የጤና ኢንሹራንሱ ከጋራዡ ነው እኮ።»

«አልኩህ። ደግሞስ ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ነገ ጉልበቴ ሲደክም ሁሉም ያንተ ነው።»

ተወው። ከዚያ ወዲያ የአምሃ እንጀራ በአንድ ነገር ላይ ተንጠለጠለ፦ ሰው ስለ እጁ በሚናገረው ላይ። ፌርፋክስ ላይ ማስታወቂያ የለም። አንድ እናት ለሌላ እናት ትነግራለች፣ ሥራ ይመጣል። አንድ እናት ፊቷን ታጠቁራለች፣ ሥራ ይቀራል።

ግንቦት ላይ የኤልሻዳይ ሰርግ መጣ።

ኤልሻዳይ የጋሼ ግርማና የእትዬ እታገኘሁ አንድ ልጅ ናት፤ ቤታቸው ባልድዊን ሂልስ ነው። ሰርጉ ለመስከረም ነበር የተቆረጠው። ወደ ግንቦት አመጡት። ለምን እንደመጣ ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አይናገርም። ጋሼ ግርማ ከስተው ሱፋቸው ትከሻቸው ላይ እንደ ተሰቀለ ልብስ ሆኖ ነበር። እትዬ እታገኘሁ ከሰርጉ በፊት ባለው ሐሙስ ለዘቢደር ደወሉላት።

«ዘቢዬ፣ አዳራሹ ቢቀር ይቅር፤ ኬኩም ጭፈራውም ይቅር። አንድ ነገር ብቻ፦ ምርቃቱን። ድምፁን ከነመልኩ። ገባሽ አይደል ልጄ?»

«ገብቶኛል፣ እትዬ።»

ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱም በአንድ ሰዓት ተኩል ደረሱ። አምሃ ሁለተኛውን ካሜራ፣ እነሱ ቢ የሚሉትን፣ የሳሎኑ ጥግ ላይ በረጅም ትራይፖድ ሰቀለው፤ ሳያቋርጥ፣ ብቻውን፣ ሳሎኑን በሙሉ እንዲቀርጽ። ዋናው ካሜራ ኤ ነው። በጋሼ ግርማ ደረት ላይ የተሰካችው ማይክሮፎን ድምፅ የምትልከውም ወደ እሱ ነው። ኤ መጀመሪያ በትራይፖድ ሆኖ የሙሽራውን መግባት ይይዛል። ከዚያ ወደ ጊምባል ይዛወርና አምሃ ይዞት ዝቅ ብሎ፣ ከጉልበት መሳሙ እስከ ምርቃቱ በአንድ ትንፋሽ ይሄዳል። ሁለት ጊዜ ባዶ እጃቸውን ተለማመዱት።

ሚዜዎቹ በር ላይ ተከራክረው፣ ተሟግተው፣ ተስቆባቸው ገቡ። እልልታው ቀለጠ። ሙሽሮቹ ወደ ጋሼ ግርማ ወንበር መጡ። ዘቢደር ኤን ከትራይፖዱ አወጣች፣ ጊምባሉ ላይ አንሸራትታ አስገባች፣ በግራ እጇ መቆለፊያዋን ያዘች። ይህን ጊዜ እትዬ እታገኘሁ በዶሮ ወጥ የተጠቀለለ የቡጢ ያህል ጉርሻ ይዘው ከፊቷ ቆሙ።

«ከጠዋት ጀምሮ አፍሽ ውስጥ እህል አልገባም! አይቼሻለሁ!»

«እትዬ፣ አንድ ደቂቃ ብቻ፣ ይሄን...»

«በሞቴ!»

«እትዬ...»

«ኧረ በሞቴ! የአንድ ልጄ ሰርግ ነው! ካሜራሽ ከእኔ ይበልጣል?»

እንግዲህ የሙሽራ እናት ቆማ፣ ሞቷን ጠርታ፣ መረቁ በክንዷ እየወረደ ስታጎርስ እንዴት ነው «ቆይ» የሚባለው? ጉርሻ ደግሞ በአንድ እጅ አይቀበሉትም። ዘቢደር ጊምባሉን በቀኝ እጇ እንደያዘች ግራ እጇን ከመቆለፊያዋ አንስታ አገጯ ሥር ዘረጋች፣ አፏን ከፈተች፣ ጎረሰች። ገና ሳታኝክ፣

«አንድ ጉርሻ ያጣላል!» አሉና ሁለተኛውን ደገሟት።

በዚያው ቅጽበት ጋሼ ግርማ ቀኝ እጃቸውን አነሡ። ቤቱ ጸጥ አለ። ሙሽሮቹ ተንበረከኩ። አምሃ ከጎኗ ቆሞ ዓይኑን ወደ መቆለፊያው ሳይሆን ወደ እሷ ፊት ላከ፤ ቅንድቡን አነሣ፦ ገብቷል?

አፏ ሞልቷል። ራሷን ነቀነቀች።

አምሃ የራስ መነቅነቅ «ገብቷል» አለመሆኑን ያውቃል። ግን ሽማግሌው አፋቸውን ከፍተዋል፤ የነቀነቀችውም ዘቢደር ናት። ተቀበለ። ሦስት እርምጃ ተንሳፈፈ፣ በጉልበቱ ዝቅ አለ።

«እግዚአብሔር አምላክ፣ እንደ አብርሃምና እንደ ሣራ...» አሉ ጋሼ ግርማ፤ ድምፃቸው ቀጭን ቢሆንም አልተንቀጠቀጠም። አምሃ የተጎነበሱትን ራሶች ለመያዝ የካሜራውን አፍንጫ ወደ ታች አዘነበለ። ካሜራው ከመንጋጋው ውስጥ፣ ያለ አንዳች ድምፅ፣ ሳሙና ከእጅ እንደሚያመልጥ ወጣ።

ወለሉ ጣውላ ነው። ሌንሱ ተሰበረ፤ ካሜራው ነጥሮ የጋሼ ግርማን ጫማ መታ። ሽማግሌው ደንግጠው እግራቸውን ሰበሰቡ፤ ሳል ያዛቸው። ውኃ መጣ። ሳሉ አልለቅ አለ። እንደገና እጃቸውን አንሥተው «እንደ አብ...» አሉና ሳሉ ቀደማቸው። በመጨረሻ ሁለቱ ራሶች ላይ መዳፋቸውን አሳርፈው ዝም አሉ። ከኋላ አንዲት አክስት፣ ቀስ ብላ ግን ሁሉም እየሰማት፣ «ምርቃቱ ተቋረጠ» አለች።

«ማነው? ማነው የጣለው?» አሉ እትዬ እታገኘሁ፤ ጣታቸው አሁንም በወጥ እንደራሰ ነው።

አምሃ በጉልበቱ ተንበርክኮ የመስተዋት ስባሪ ይለቅማል። «እኔ ነኝ፣ እትዬ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«እጅህ ቅቤ ነው እንዴ?» አለ የሙሽራዋ አጎት። «መኪና ሲያቆም የኖረን ሰው ማነው ካሜራ ያስያዘው?»

«መኪናውንም እንዲህ ነበር የሚያቆመው ማለት ነው!» አለ አንዱ ሚዜ። ጥቂት ሰው ሳቀ፤ ሳቁ ወዲያው ሞተ።

ዘቢደር እያኘከች ነበር። በርበሬው ጉሮሮዋን ይዟታል፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። የነገሩን አካሄድ ገና ካሜራው አየር ላይ እያለ አውቃዋለች፦ አልቆለፍኩም፣ አልጎተትኩም፣ አልተናገርኩም። ሁለት ጉርሻ አኝኮ ለመዋጥ ግፋ ቢል ሃያ ሰኮንድ ይፈጃል። ከዚያ በኋላ የነበረው ዝምታ የጉርሻው አልነበረም።

ውጣ ስታበቃ አፏን ከፈተች፤ ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። የወጣው ቃል ይህ ነው፦ «አይዞህ አምሃ። የሥራ ነገር ነው፤ ያጋጥማል።»

ከስድብ ይህ ይከፋል። አሠሪ ጥፋተኛን ይቅር ስትል ጥፋቱ የማን እንደሆነ ፈረደች ማለት ነው። እትዬ እታገኘሁ ክንዷን ያዝ አድርገው «አንቺ ምን ታደርጊ፣ ልጄ» አሏት።

የቀረውን ቀን ከመኪና ባመጡት መጠባበቂያ ሦስተኛ ካሜራ፣ በትራይፖድ ጨረሱት። ሲመለሱ አምሃ ነበር የሚነዳው።

«ስቀበልሽ አውራ ጣቴ መቆለፊያዋን ነክቷት መሆን አለበት» አለ። «ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? አንቺ ጎትተሻታል አይደል?»

«እኔ ሁልጊዜ እጎትታለሁ» አለች። ሁልጊዜ የሚለው እውነት ነበር፤ የዚያን ቀን ብቻ ነው የቀረው።

«ሶ፣ እኔ ነኝ። ደግሞ ድምፅሽን ሳልሰማ ነው የተቀበልኩት። የገዛ ሕጋችንን...» መሪውን በመዳፉ መታው። «ቢ ካሜራ ላይ ይኖራል። እስቲ እዪውና ንገሪኝ። እጄን የት ላይ እንዳሳሳትኩ ማወቅ እፈልጋለሁ፤ እንዳልደግመው።»

ማክሰኞ ጠዋት፣ ፌርፋክስ ላይ ካለው የግብር ቢሮ ጀርባ በተከራየቻት ጠባብ ክፍል፣ ዘቢደር የቢን ካርድ ከፈተች። ቢ ሁሉንም ይዞታል። ግራ እጇ መቆለፊያዋ ላይ ነው። ጉርሻው ሲመጣ እጇ ይነሣል። መቆለፊያዋ እንደተከፈተች፣ ወደ ጎን እንደወጣች ጥርት ብላ ትታያለች። አፏ ተከፍቷል። ከዚያ ራሷ ይነቀነቃል። የአምሃ አውራ ጣት ለመቆለፊያው ስንዝር ሙሉ ይርቃል። የተመለሰ ዕቃ እንደምትፈትሽ ሆና ሦስት ጊዜ አየችው። ጥፋቱ የት እንደደረሰ፣ በማን እጅ እንደደረሰ አንድም የሚያጠራጥር ነገር የለበትም። በድሮው ጠረጴዛዋ ቢሆን ቅጹን ሞልታ፣ ስም ጽፋ ትፈርምበት ነበር።

ልትነግረው ስልኳን አነሣች። ከመደወሏ በፊት ስልኩ ራሱ ጮኸ። የደወለችው የምሥራች ናት፤ እዚያው መንገድ ላይ እንጀራና ቅመም በሚሸጠው ግሮሰሪ ካሸር የምትሠራ፣ ወሬ ከእሷ ሳያልፍ የትም የማይደርስ።

«ዘቢ! ያ ልጅ የጋሼ ግርማን ምርቃት በተነው የሚባለው እውነት ነው? ሰው እንዴት እንደተቆጣ! አንቺን ግን ሁሉም አመሰገነሽ፤ አንድ ክፉ ቃል አልወጣትም አሉ። ኦኬ ስሚ፣ የነሐሴዋ ሙሽራ እናት እዚህ ነበረች። ዘቢደር ትምጣ፣ ያ ልጅ ግን ደጄን እንዳይረግጥ ብላለች። ገዱ ጥሩ አይደለም ብላለች።»

«እንዴ፣ ገድ ምን አገባው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? የተባለውን ነው የምነግርሽ።»

ዘቢደር ስልኩን ዘጋችና ቁጭ አለች። እውነቱን ብትናገር «ደጄን እንዳትረግጥ» የሚባለው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው። አስራ አራት ዓመት የተሠራ ስም። ሰው ይረሳል፣ አለች በልቧ። ሁለት ወር ይረፍ፤ ነገሩ ሲበርድ እመልሰዋለሁ። እሱ ወጣት ነው፤ እኔ ከዚህ በኋላ ምን ሥራ እጀምራለሁ? ደግሞም እኮ ድምፄን ሳይሰማ ነው የተቀበለው። ይህን የመጨረሻውን ደጋግማ አለችው፤ ምክንያቱም ከሁሉም ይህ ብቻ ነበር እውነት።

አምሃ ሲደውል «አየሁት» አለችው። «ሚዜዎቹ ከልለውታል፤ አይታይም። ለጊዜው ትንሽ ረፍት አድርግ። ሰው እስኪረሳ።»

«ትንሽ ማለት?»

«ትንሽ ነዋ፣ አምሃ።»

ፊልሙን አስተካክላ ጨረሰችው። ከቢ ውስጥ ከጉርሻው እስከ ሳሉ ያለውን ሁሉ ቆርጣ፣ በቦታው ጠዋት የተነሣውን የጠረጴዛ አበባ አስገባች። ከአበባው በቀጥታ የጋሼ ግርማ መዳፍ በልጆቹ ራስ ላይ ወዳረፈበት ታልፋለች። ድምፅ ስለሌለው ክራር አለበሰችው። ኤልሻዳይ አይታ አለቀሰች፤ «እትዬ ዘቢ፣ ምንም የጎደለ አይመስልም» ብላ አቀፈቻት።

ጋሼ ግርማ ሐምሌ ላይ አረፉ።

ለቅሶ ቤቱ ያው ሳሎን ነው። ወንበር ሞልቶት፣ ሰው በበርኖስና በነጠላ ተቀምጦ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ያን ፊልም ደጋግመው ያሳያሉ፤ በሕይወት እያሉ የተቀረጹት የመጨረሻው እሱ ነውና። አምሃም መጣ። የማይፈለግ ሰው ቢሆንም ለቅሶ አይቀርም። በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ሻይ ሲታደል ትሪው እሱ ጋ ሳይደርስ ዞረ፤ አይቶ እንዳላየ ሆነ። ፊልሙን ግን አየ። አንዴ አይቶ፣ እንደገና እስኪመጣ ጠብቆ፣ ደግሞ አየው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ የዘቢደርን ክፍል አንኳኳ። አልተቀመጠም።

«አበባው የኤ ነው» አለ። «ጠዋት አንቺ ራስሽ ያነሣሽው። ሰው ምርቃት እየሰማ አበባ ያሳያል እንዴ? እዚያ ቦታ ላይ ቢ ነበር መግባት ያለበት።»

«አልኩህ እኮ፣ ሚዜዎቹ...»

«ቢን የሰቀልኩት እኔ ነኝ፣ እትዬ ዘቢ። ከራሴ በላይ ክንዴን ዘርግቼ ነው የሰቀልኩት። የትኛው ሚዜ ነው የሚከልለው? መሰላል ይዞ የመጣ ሚዜ ነበር?»

ዘቢደር ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች።

«አሳዪኝ።»

አላጠፋችውም ነበር። ማጥፋት አልቻለችም፤ ዕቃ መዝግቦ የኖረ ሰው መረጃ አያጠፋም። ከፈተችለት። አምሃ ጎንበስ ብሎ አንድ ጊዜ አየው፤ አንድ ጊዜ በቃው።

«አፍሽ ሞልቶ ነበር» አለ።

«ሞልቶ ነበር።»

«ከዚያስ?»

ዘቢደር ምስሉን አቆመችው።

«እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ» አለ አምሃ፣ አውራ ጣቱን እያየ፣ «ማንኪያ ስይዝ እንኳ እጄን አላምነውም። ልጅ አቅፌ ደረጃ መውረድ ፈራሁ። ብትነግሪኝ ኖሮ እኮ፣ ለሰው ሳይሆን ለእኔ፣ እሸከመው ነበር። ይሁን፣ እኔ ነኝ ልበል፣ እል ነበር። ስምንት ዓመት የተሸከምኩልሽ ትንሽ ነው?»

«እነግራቸዋለሁ» አለች ዘቢደር፤ ከወንበሯ ተነሣች። «ለእትዬ እታገኘሁ፣ ዛሬውኑ። ለየምሥራችም። ለሁሉም።»

አምሃ ሳቀ፤ ደስ የማይል ሳቅ።

«ምን ልትያቸው? እርስዎ በሞቴ ብለው ሲያጎርሱኝ እጄን ለቀቅኩ፣ የባልዎ ምርቃት በእርስዎ ጉርሻ ተቋረጠ? የባላቸው መቃብር አፈር ገና ሳይደርቅ? በግንቦት ቢሆን ይስቁበት ነበር፤ ጋሼ ግርማም ቁጭ ብለው እንደገና ይመርቁ ነበር። አሁን ይህን ሰምተው እንዴት ነው ለሰው የሚያጎርሱት?» የክፍሉን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «እኔን ተዪኝ። እሳቸውን ግን እንዳትነኪያቸው።»

በሩ ላይ ሲደርስ «ወዴት ልትሄድ ነው?» አለችው።

«ጋራዡ መልሰው ወስደውኛል። በአዲስ ሠራተኛ ደንብ፤ ሦስተኛ ምድር ቤት።»

ሄደ። ዘቢደር ወደ መስኮቱ አልሄደችም። የነሐሴው ሰርግ ነበረባት፤ ዕቃ መፈተሽ ጀመረች።

የነሐሴውን ሰርግ ብቻዋን ሠራች፤ የመስከረሙንም። ሌላ ሰው ለማስለመድ ሁለት ጊዜ ሞክራለች፤ አንዱ ሲራመድ ወለሉን ይረግጣል፣ ሌላው «ተናገር» ስትለው ይስቃል። ጊምባሉን ሸጠችው። አሁን ሁሉንም በትራይፖድ፣ ከአንድ ቦታ ሆና ነው የምትቀርጸው። ሥራ አልቀነሰባትም። እንዲያውም «ዘቢደር ጠንቃቃ ናት፣ ዕቃ አትጥልም» ይባላል።

ባለፈው ሳምንት ሐና የምትባል፣ ለጥር ሰርግ የምትዘጋጅ ልጅ ከእናቷ ጋር መጥታ የቅርብ ጊዜ ሥራዎቿን ስታይ ቆየችና ትንሽ ቅር አላት።

«እትዬ ዘቢ፣ ያ እየተንሳፈፈ የሚሄደው የለም እንዴ? የኤልሻዳይ ሰርግ ላይ የሌለው፣ የድሮዎቹ ላይ የነበረው።»

«አሁን እሱ ፋሽን አይደለም» አለች ዘቢደር።

«እውነት?»

«ሰው አሁን የሚፈልገው እንደዚህ ቆሞ የሚያይ ካሜራ ነው። ጠይቂ።»

እናትየው «ሰማሽ? እሷ ነች የምታውቀው» አለች። ሐናም አምናት ቀኑን አስመዘገበች።